ማይንክራፍት ሰርቫይቫል ላይ ራሱን የሚያጭድና የሚዘራ የስንዴ እርሻ፦ በስልክ ለምንጫወት የትኛው ይሻላል?

ጦሳ_ግርጌ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ከደሴ ነኝ። ከአክስቴና ከአጎቴ ልጆች ጋር ማይንክራፍት በሚባለው የብሎክ ጨዋታ ላይ አንድ ዓለም ከፍተናል። ሰርቫይቫል ነው (ምግብ ፈልገህ፣ ከጭራቅ ተርፈህ የምትኖርበት)፣ ሃርድ ላይ፣ ማለትም ከባዱ ደረጃ ላይ። ሁላችንም በስልክ ስለምንጫወት ለስልክም የሚሆነው ቤድሮክ የሚባለው ዕትም ነው ያለን። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌሎቻችን በዚያ እንገባለን።

አሁን ያለን ማሳ 9 በ9 ነው። መሃሉ ላይ አንድ ውሃ፣ ዙሪያውን ስንዴ። ውሃው በየአቅጣጫው እስከ 4 ብሎክ ስለሚያረጥብ 80ውም ቦታ ደህና ነው። ችግሩ ጉልበቱ ላይ ነው። በእጅ እናጭዳለን፣ በእጅ እንዘራለን። ዋሻ የወረደው ሁሉ ርቦት ይመለሳል፤ ማሳ ላይ የሚቆም ደግሞ አይገኝም። ልጆቹ "ዛሬ ያንተ ተራ ነው" እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ።

ብረትና ሬድስቶን (እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያገለግል ቀይ ዱቄት) አለን። ኔዘር የሚባለው የእሳት ዓለም ገና አልገባንም። ስንዴው ሰው ሳይነካው ታጭዶ፣ ተመልሶ ተዘርቶ ቼስት (ሳጥን) ውስጥ የሚገባበት መንገድ አለ? ዩቲዩብ ላይ ያየኋቸው አብዛኞቹ የጃቫ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕትም፣ ናቸው፤ እኛ ጋ ይሠራሉ ብዬ ለማመን ቸግሮኛል።

ባቲ_ሰኞ

አብሽር ወንድሜ፣ ቀላሉ ውሃ መልቀቅ ነው። ከማሳው ራስጌ ዲስፔንሰር (ውስጡ ያለውን የሚተፋ ብሎክ) ደርድር፣ እያንዳንዱ ውስጥ የውሃ ባልዲ አስገባ፣ በሬድስቶን አያይዘህ አንድ በተን አድርግለት። ስትጫነው ውሃው ወርዶ ስንዴውን ጠራርጎ ግርጌው ላይ ወዳለው ሆፐር (ዕቃ የሚሰበስብ ቋት) ያመጣዋል። ድጋሚ ስትጫነው ዲስፔንሰሩ ውሃውን መልሶ ባልዲው ውስጥ ይከተዋል። ኔዘር መግባት አያስፈልግም። አንድ ዲስፔንሰር የሚጠይቅህ 7 ኮብልስቶን፣ አንድ ቀስትና አንድ ሬድስቶን ነው።

ቦርከና

ባቲ ያለው ይሠራል። ግን ጦሳ የጠየቀው "ተመልሶ ተዘርቶ" ነው። ውሃ ያጭዳል እንጂ አይዘራም። 80 ብሎክ በጣትህ ስልክ ላይ መልሰህ ስትዘራ ጭቅጭቁ አሁንም አልቀረም።

ዲዛይን ከመምረጣችሁ በፊት ሰብሉን እዩት። አንዳንዱ ሲቆረጥ ሥሩ ይቀራል፦ ሸንኮራ አገዳ፣ ቀርከሃ፣ ሐብሐብ፣ ዱባ። ሸንኮራ ከታች አንድ ብሎክ ከተረፈለት ራሱ መልሶ ያድጋል። ሐብሐብና ዱባም ፍሬው ሲወሰድ ግንዱ እዚያው ይቆያል። ለእነዚህ ማሽን ብቻውን ይበቃል፤ ፒስተን (የሚገፋ ብሎክ) ይቆርጣል፣ ሆፐር ይሰበስባል፣ አለቀ። ስንዴ፣ ካሮት፣ ድንችና ቀይ ሥር ግን ሲታጨዱ ከነሥራቸው ይነሳሉ። ለእነሱ የሚዘራ እጅ ያስፈልጋል። ከተጫዋቹ ሌላ ይህን የሚያደርገው ፋርመር (ገበሬ) የሚባለው ቪሌጀር (የመንደር ነዋሪ) ብቻ ነው። የቱንም ያህል ሬድስቶን ብትዘረጋ ፒስተን ስንዴ አይዘራልህም። "ፉል አውቶማቲክ የስንዴ እርሻ" የተባለውን ሁሉ ውስጡን ብታየው አንድ ቪሌጀር አለበት።

ስለዚህ ለእናንተ የምለው ይሄ ነው። ያላችሁን 9 በ9 አታፍርሱት። ዙሪያውን በመስታወት ሁለት ብሎክ ከፍታ አጥሩት። ውስጡ አንድ ኮምፖስተር (የፋርመር የሥራ ብሎክ፣ የብስባሽ ሳጥን) አስቀምጡ፤ 7 የእንጨት ስላብ (ግማሽ ብሎክ) ብቻ ነው የሚፈጀው። ሥራ የሌለው ቪሌጀር በጀልባ ወይም በሚንካርት (በሐዲድ ጋሪ) አምጥታችሁ አስገቡት። ኮምፖስተሩን ሲይዝ ፋርመር ይሆናል፣ የገለባ ባርኔጣ ያደርጋል። አልጋም አኑሩለት። ቤድሮክ ላይ መንደር የሚቆጠረው ቪሌጀር አልጋ ሲይዝ ነው።

አሁን ዋናው ዘዴ። ቪሌጀር ዕቃ የሚይዝበት 8 ቦታ አለው። ስምንቱንም በስንዴ ዘር ሙሉት፤ 8 ጊዜ 64፣ 512 ዘር ማለት ነው። እየወረወራችሁ ስጡት፣ ራሱ ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ የደረሰውን ያጭዳል፣ ከያዘው ዘር መልሶ ይዘራል፣ የወደቀውን ስንዴ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው አያነሳውም። ስንዴው መሬት ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ከማሳው ሥር ሐዲድ ዘርግታችሁ ሆፐር ያለው ሚንካርት ታዞራላችሁ። ሚንካርቱ በላዩ ካለው የታረሰ ብሎክ አሻግሮ ዕቃ መሳብ ይችላል።

የብረት ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ሆፐር 5፣ ሚንካርት 5፣ በድምሩ 10። ሐዲድ በ6 ብረትና በአንድ እንጨት 16 ይወጣል፤ 80 ሐዲድ 30 ብረት ነው። በየመሃሉ የሚገፋው ሐዲድ ደግሞ በ6 ወርቅ 6 ይሠራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መሃል ያለው ውሃ ሥር ጠንካራ ብሎክ ይኑር። ባዶ ከሆነ ውሃው ወርዶ ሐዲዱን ጠርጎ ይወስደዋል። ሐዲዱም በዚያች አንድ ብሎክ ሥር አይለፍ፣ ይዙራት።

ጦሳ_ግርጌ

ቦርከና እግዜር ይስጥህ። ለካ እስከ ዛሬ ማሽን ብቻ ነበር የምፈልገው። መንደር አግኝተናል፣ ግን ወንዝ ማዶ ነው። በጀልባ እናመጣዋለን። ቪሌጀር ከመጣ በኋላ በሃርድ ይተርፋል ወይ?

የቆቦ_ማማ

ይሄን እኔ ልመልስ። እኛ ጋ ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ ይመጣል። ልጅ ሳለን ማማ ላይ ወጥተን ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍ እናጮህ ነበር። አንድ ቀን የተወው ሰው ምን እንደሚተርፈው አይተናል። ማሳ ካልተጠበቀ ማሳ አይባልም፤ ጨዋታውም ላይ እንዲሁ ነው።

ሃርድ ላይ ዞምቢ የገደለው ቪሌጀር ሁሉ ዞምቢ ቪሌጀር ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ብሎክ አጥር ብቻ አይበቃም፣ ጣራም ይኑረው። በመስታወት ሸፍኑት፣ ብርሃን ያሳልፋል። በር አትሥሩለት፤ ሃርድ ላይ ዞምቢ የእንጨት በር ይሰብራል። እናንተ የምትገቡበት ከታች፣ ከሐዲዱ በኩል ይሁን። መብረቅም አለ። ቪሌጀር አጠገብ ከወደቀ ጠንቋይ ይሆንባችኋል። መዳብ ካላችሁ በ3 መዳብ የመብረቅ ዘንግ ሠርታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ።

ማሳው ውስጥ አትዝለሉ። የታረሰ መሬት ላይ ዘሎ ማረፍ ወደ ተራ አፈር ይመልሰዋል፣ ሰብሉም ይነቀላል። ቪሌጀሩ ሲራመድ ግን ምንም አይሆንም።

ጋሼ_ቃሉ

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ጨዋታውን ያስለመዱኝ ልጆቼ ናቸው፤ አሁን ከእነሱ ይልቅ እኔ ነኝ የምቆይበት። ስለ አዘራሩ አንድ ነገር ልጨምር።

ጨዋታው የተክሉን ዕድገት በነጥብ ነው የሚያሰላው። ከሥሩ ያለው መሬት ርጥብ ከሆነ 4፣ ደረቅ ከሆነ 2 ነጥብ ይይዛል። ዙሪያው ያሉት ስምንት ብሎኮች ርጥብ እርሻ ከሆኑ እያንዳንዳቸው 0.75 ይጨምራሉ። ሁሉም ከተሟላ 10 ነጥብ ይሆናል። ነገር ግን በሰያፍ ጥጉ ላይ ያው ሰብል ካለ፣ ወይም በሁለቱም አቅጣጫ፣ በቁመትም በጎንም፣ ያው ሰብል ከገጠመው ነጥቡ በግማሽ ይቀነሳል። ማሳውን ሙሉ በሙሉ ስንዴ ብቻ ካደረጋችሁት አብዛኛው ተክል በግማሽ ኃይሉ ነው የሚያድገው። አንድ መስመር ስንዴ፣ አንድ መስመር ካሮት፣ እንደገና አንድ መስመር ስንዴ ብታደርጉት ቅነሳው ይቀራል። ተራው በደረሰ ቁጥር የማደግ ዕድሉ ከስድስት አንድ የነበረው ከሦስት አንድ ይሆናል። እጥፍ ነው። እኛ ገበሬውን በመስመር ዝራ ስንል ምክንያታችን ሌላ ቢሆንም፣ መስመር እዚህም ዋጋ እንዳለው ሳይ ደስ ብሎኛል።

ሌላው ብርሃን ነው። ቡቃያው ለማደግ 9 ብርሃን ይፈልጋል። ቶርች 14 ይሰጣል፣ በየብሎኩ አንድ አንድ ይቀንሳል። መሃል ላይ አንድ ቶርች ብቻ ብትተክሉ ማዕዘኑ ድረስ 4 ወደ ጎን፣ 4 ወደ ፊት፣ ስምንት ብሎክ አለ። 14 ሲቀነስ 8፣ 6 ይቀራል። ማዕዘኖቹ ሌሊት አያድጉም ማለት ነው። አራቱም ማዕዘን ላይ ጨምሩ።

ቦርከና

ጋሼ፣ የብርሃኑ ሒሳብ በጣም ጠቅሞናል፣ እናመሰግናለን። የመስመሩ ነገር ግን ፋርመር ባለበት ማሳ ላይ ይፈርሳል ብዬ እፈራለሁ። ፋርመሩ የያዘው ዘር ስንዴ ብቻ ነው። ካሮቱም ሲደርስ ያጭደዋል፣ ቦታው ላይ ግን ስንዴ ይዘራል። ከጥቂት ዙር በኋላ ማሳው ሁሉ ስንዴ ይሆናል። በእጅ ወይም በውሃ ለሚታጨድ ማሳ ግን እርስዎ ያሉት ነው ትክክሉ።

ጋሼ_ቃሉ

እውነት ነው፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ ፋርመሩ ቢዘገይም ሌሊትና ቀን ሰው አይፈልግም። ካሮት የምትፈልጉ ከሆነ ለብቻው ሌላ ማሳ ይሁንለት።

ሐይቅ_ዳር

እኔ ስለ ውሃው ልከራከር። ሁላችሁም ወደ ቪሌጀር ሮጣችሁ፣ ግን ቪሌጀር ለማምጣት ብዙ ጊዜ ይሄዳል። እስከዚያ ምን ይበላሉ?

ከእህቴ ጋር ተራራ ጥግ ላይ ነው የምንጫወተው። ማሳችንን በእርከን ሠራነው። ውሃ ሜዳ ላይ ከምንጩ ተነስቶ 7 ብሎክ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ይቆማል። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል ግን እንደ አዲስ 7 ብሎክ ይሄዳል። ስለዚህ 7 ብሎክ ከሄድን በኋላ አንድ ብሎክ ዝቅ፣ እንደገና 7፣ እንደገና ዝቅ። ላይኛው እርከን ላይ ያሉት ዲስፔንሰሮች ብቻ ሁሉንም ያጥቡታል። ከታች ውሃው ወደ አንድ ሆፐር ይሰበሰባል። ተራራ ያላችሁ ሰዎች ሜዳ አትፈልጉ።

መሬቱ አይበላሽም፤ ውሃው ሲያልፍበት እንደታረሰ ይቀራል። መዝራቱ ብቻ ነው በእጅ። ሁለታችን እየተባበርን ስንዘራ ቶሎ ያልቃል። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ስንዴው ወርቅማ መሆኑን እዩ። ውሃ የደረሰና ያልደረሰ አይለይም። ያልደረሰው ዘሩን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ስንዴ አይሰጥም።

ባቲ_ሰኞ

ሐይቅ ዳር ማሻአላህ! የእርከኑን ነገር ነገ እሞክረዋለሁ።

ወገልጤና

ደላንታ ከፍታ ላይ ያደግን ሰዎች ውርጭ እናውቃለን፣ ስለዚህ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ማሳችሁ በረዷማ ባዮም (የአየር ጠባይ ክልል) ላይ ከሆነ ሰማይ የሚያየው ውሃ በረዶ ይሠራል። በረዶ ደግሞ መሬት አያረጥብም። መሃሉ ላይ ያለውን ውሃ ከላይ በስላብ ወይም በትራፕዶር ክደኑት፤ ሰማይ ካላየው አይረጋም። ሌላ ወቅት የሚባል የለም። በልግ ቀረ፣ ክረምቱ ዘገየ አይባልም። ርጥበትና ብርሃን ካለው ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። እኛ ጋ ገብሱ እንደዚህ ቢሆን ምንኛ በታደልን።

ጦሳ_ግርጌ

ተመልሻለሁ። ቪሌጀሩ መጥቷል። አጥር፣ ጣራ፣ አልጋ፣ ኮምፖስተር ሁሉም አለ። ባርኔጣውንም አድርጓል። ዘሩንም ወርውረንለታል። ግን አያጭድም። ስንዴው ወርቅማ ሆኖ ቆሟል፣ እሱ በመካከሉ ይንጎራደዳል። ኮምፖስተሩ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ምንም።

የቆቦ_ማማ

ቀን ነው ያየኸው? ሌሊት አይሠሩም።

ጦሳ_ግርጌ

ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ አየሁት።

ቦርከና

ባርኔጣ ካደረገ ሥራውን ይዟል ማለት ነው። አረንጓዴ ልብስ የለበሰው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ኮምፖስተሩንም አይዝም ነበር፤ እሱ በጭራሽ አይሠራም። ሕፃንም አይደለም። እንግዲህ የቀረው የዓለሙ ሴቲንግ ነው። "ሞብ ግሪፊንግ" የሚለው በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ዓለሙን የከፈተውን ልጅ ጠይቀው። ሰዎች ክሪፐር የሚባለው የሚፈነዳ ጭራቅ ቤታቸውን እንዳያፈርስ ብለው ያጠፉታል። እሱ ሲጠፋ ግን ቪሌጀርም ሰብል መንካት አይችልም፣ ጨዋታው ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የሚያየው።

ጦሳ_ግርጌ

እሱ ነው! የአጎቴ ልጅ ክሪፐር ስላስቸገረው አጥፍቶት ነበር። አሁን አበራነው፤ ዘሩን እንደገና ስንወረውርለት አነሳና ወዲያው ማጨድ ጀመረ። ቆሜ ሳየው ነበር። አንዱን ስንዴ ያነሳል፣ እዚያው ቡቃያ ይተክላል፣ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ስንዴው ተበትኖ ቀርቷል፣ አያነሳውም፣ ልክ እንዳልከው። ልጆቹ ሁሉ መጥተው መስታወቱ ላይ ተደርድረው እያዩት ነው። ቤታችንን ከክሪፐር ለመጠበቅ ደግሞ ዙሪያውን ቶርች እንተክላለን።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ አልጋ ላይ ተኝተን ሌሊቱን ብናሳልፈው ስንዴው ቶሎ ይደርሳል? ሁለተኛ፣ እኛ ዋሻ ስንሄድ እርሻው ይሠራል?

ሐይቅ_ዳር

መተኛት ሰዓቱን ያሳልፋል እንጂ ሰብሉን አያሳድግም። ጨዋታው የዘለለው ጊዜ ለስንዴው አይቆጠርለትም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ዋናው ነው፣ በተለይ ለእኛ በስልክ ለምንጫወት። ዓለሙ ሴቲንግ ውስጥ "ሲሙሌሽን ዲስታንስ" የሚል አለ። ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ 4 ቸንክ ነው። አንድ ቸንክ 16 ብሎክ ስለሆነ ከእርሻው 60 ብሎክ ገደማ ከራቃችሁ ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃችኋል። ቡቃያው አያድግም፣ ቪሌጀሩ አይንቀሳቀስም፣ ሚንካርቱም አይዞርም። ስለዚህ እርሻው የምትውሉበት ቦታ አጠገብ ይሁን። ዋሻችሁ ከቤቱ ሥር ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ሌላው መላ፣ ብዙ ስለሆናችሁ አንድ ሰው ቤት ሆኖ ሌላ ሥራ ይሥራ። አንድ ሰው እንኳ አካባቢው ላይ ካለ ለሁላችሁም ይሠራል። ኮማንድ ተጠቅሞ ቦታውን ሁልጊዜ ንቁ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ቺት መክፈት ይጠይቃል፤ ቺት ከተከፈተ ደግሞ አቺቭመንት አይቆጠርም።

ቦርከና

ጦሳ፣ ዘሩም ከስንዴው ጋር ቼስት ውስጥ እየገባ በቶሎ ይሞላባችኋል። አትጣሉት። ትርፉን ዘር ሌላ ኮምፖስተር ላይ በሆፐር አፍስሱት፤ ከሥሩ ሌላ ሆፐር ይኑር። ሲሞላ ቦንሚል (ተክል የሚያሳድግ ማዳበሪያ) ይሰጣል፣ ሆፐሩ ራሱ ይቀበለዋል። ቦንሚሉ ለዛፍም፣ ለካሮቱ ማሳም ይሆናል።

ኔዘር ስትገቡ ደግሞ ኳርትዝ አምጡ። አንድ ኦብዘርቨር (ለውጥ ሲያይ ምልክት የሚልክ ብሎክ) 6 ኮብልስቶን፣ 2 ሬድስቶንና 1 ኳርትዝ ነው። ያን ጊዜ የሸንኮራውን እርሻ ትሠራላችሁ። አሠራሩ ይሄ ነው፦ ሸንኮራው የተተከለበት አፈር ጎን ለጎን ውሃ ይኑረው። ከሸንኮራው ኋላ በሁለተኛው ብሎክ ከፍታ ፒስተን፣ ፒስተኑ ላይ ኦብዘርቨር ፊቱን ወደ ሸንኮራው አዙሮ ይቀመጥ። ከፒስተኑ ኋላ አንድ ብሎክ አድርጉና ላዩ ላይ ሬድስቶን አፍስሱ። ሸንኮራው ሦስተኛው ብሎክ ላይ ሲደርስ ኦብዘርቨሩ ያያል፣ ሬድስቶኑ ይበራል፣ ፒስተኑ መሃሉን ይመታል። ታችኛው ይቀራል፣ የላዩ ይወድቃል። ረድፉን ሁሉ በአንድ የሬድስቶን መስመር ካያያዛችሁት አንዱ ሲደርስ ሁሉም ይመታሉ። ይህ ለወረቀትና ለስኳር ነው። ቪሌጀር ጋ ወረቀት ሽጣችሁ ኤመራልድ (የጨዋታው መገበያያ) ታገኛላችሁ።

ባቲ_ሰኞ

ዳቦውንስ ማን ይጋግራል? ስንዴው ቼስት ውስጥ ተከምሮ በእጅ ዳቦ ማድረግ ከቀረ...

ቦርከና

ለእሱም መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በ1.21 ዝማኔ የመጣ ክራፍተር የሚባል ብሎክ አለ። 5 ብረት፣ አንድ ክራፍቲንግ ቴብል፣ 2 ሬድስቶንና አንድ ድሮፐር ይፈልጋል። ውስጡ ዘጠኝ ቦታ አለው። አንዱን ረድፍ ብቻ ክፍት ትተዋለህ፣ ስድስቱን ትዘጋለህ። ሆፐር ስንዴ ያስገባበታል፣ ሬድስቶን ምት ሲደርሰው ሦስቱን ስንዴ አንድ ዳቦ አድርጎ ያወጣል። ዘር እንዳይገባበት ግን ስንዴውን ለይታችሁ ነው የምታስገቡት፤ ዘር ከገባ ይዘጋበታል።

ጦሳ_ግርጌ

ክራፍተሩን ሳምንት እንሞክረዋለን። አሁን ሐዲዱ ላይ ነን። ሚንካርቱ ይዞራል፣ ስንዴም ይስባል፣ ግን ቼስቱ ባዶ ነው። ሐዲዱ ሥር ሆፐር አለ፣ ከሆፐሩ ጎን ቼስት አለ።

የቆቦ_ማማ

ሆፐሩ ሥር ያለውን ቀጭን አፍ እይ። ወደ ቼስቱ ዞሯል ወይስ ወደ መሬት ነው ያለው?

ጦሳ_ግርጌ

ወደ መሬት ነው።

የቆቦ_ማማ

እንግዲያው ስንዴው ሆፐሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ክፈተው። ቀድሞ ቼስቱን አስቀምጥ፣ ከዚያ ስኒክ አድርገህ (አጎንብሰህ) የቼስቱን ጎን እየነካህ ሆፐሩን አኑረው፤ አፉ ራሱ ወደ ቼስቱ ይዞራል። ሐዲዱን መልሰህ ላዩ ላይ አድርግ። ሚንካርቱ በፍጥነት ስለሚያልፍ አንድ ሆፐር ሁሉንም አያወርድለትም። ሦስት አራት ሆፐር በተከታታይ ሐዲዱ ሥር ደርድር፣ እያንዳንዱ ወደሚቀጥለው ይዙር፣ የመጨረሻው ወደ ቼስቱ።